የጳጉሜን ቆጠራ፦ ኑሮን በአምስት ምሽት ቆጥሮ አንድ ነገር ማስተካከል

በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የቆጠራ ኮሚቴ ይቋቋምና ግምጃ ቤቱ ተዘግቶ ከአቧራ ጋር ስንታገል እንሰነብታለን። ጥግ ላይ አንድ የወረቀት ማባዣ ማሽን ነበረ። እጀታው ተሰብሯል፣ ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አንዱ “ማባዣ ማሽን” ብሎ ይጣራል፤ ሌላው “አንድ፣ አለ” ብሎ ይጽፋል። የንብረቱ ብዛት ከተመዘገበበት ካርድ ጋር ይገጥማል፣ ጉድለት የለም፣ እናልፋለን። እኔ ብቻ ስምንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ጳጉሜን ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ ሳስብ ያ ማሽን ትዝ አለኝ። ትምህርት? አለ፤ ካቋረጥኩት አራት ዓመት ሆኖታል እንጂ። ቁጠባ? አለ፤ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወዳጅ? እሱማ አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የራሴን ቆጠራ አደርጋለሁ። አሠራሩን ከግምጃ ቤቱ ነው የወሰድኩት።

ጳጉሜን ለዚህ ትመቻለች። አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። ደመወዝ ስለማይከፈልባት ኪስም እጅም ይሰበሰባል። ውጭ አገር ሆነው ቀኑ ለጠፋብዎት፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ካለፈችብዎትም የትኛውም የወር መጨረሻ ይሆናል፤ ዋናው አምስት ተከታታይ ምሽት ማግኘቱ ነው።

የሚያስፈልግዎት አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክዎና በየምሽቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሕግ ይያዙ። ደህና የቆጠራ ኮሚቴ ሳይቆጥር ካርዱን አያይም። ካርዱ ላይ “40 ወንበር” የሚለውን ያነበበ ሰው 38 ላይ ሲደርስ ሁለቱን ከየትም ፈልጎ ያመጣቸዋል። የራስ ሕይወት ላይ ደግሞ ካርዱ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው። ስለዚህ በየምሽቱ መጀመሪያ ግምትዎን ይጻፉና ገጹን ይጠፉት። ከዚያ በማስረጃ ይቁጠሩ። ሲጨርሱ የታጠፈውን ገልጠው ልዩነቱን አጠገቡ ያስፍሩ። የምንፈልገው ያንን ልዩነት ነው።

ጳጉሜን 1፦ ገንዘብ

ነሐሴ ላይ ለታክሲ፣ ለቡና፣ ውጭ ለበሉት ምሳ፣ ለስልክ ጥቅል፣ ለቤተሰብ ስንት እንዳወጡ በግምት ይጻፉ። ገጹን ይጠፉ። አሁን የባንክዎንና የቴሌብር መልእክቶችን ከነሐሴ 1 እስከ 30 አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ወጪ የሆነውን ሁሉ በየመደቡ ይጻፉ። ከኤቲኤም ወጥቶ የት እንደገባ የማያስታውሱትን ገንዘብ “ኪስ” በሚል ርዕስ ያስቀምጡት። አያፍሩበት፤ የሁላችንም “ኪስ” ትልቅ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጉዱ ቡና ላይ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ የወጣው ብድር ላይ ነው። “እስከ ደመወዝ” እየተባለ 200፣ 300፣ አንዴም 500 ብር የሰጠሁት ተደምሮ 2,100 ብር ሆነ። ግምቴ ላይ ይህ መደብ ጭራሽ አልነበረም። ከዚያ ውስጥ እስከ ጥቅምት የተመለሰልኝ 300 ብር ነው።

እዚህ ላይ እቁብን በጥንቃቄ ይቁጠሩ። ብዙ ሰው “እቁብ እየጣልኩ ነው” ሲል የሚቆጥብ ይመስለዋል። ዕጣው ገና ካልደረሰዎት እስካሁን የጣሉት በእርግጥም ቁጠባ ነው። ደርሶዎት ገንዘቡን ወስደው ከሆነ ግን የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ከዕዳ ተራ ይጻፉት። በሳምንት 500 ብር የሚጥል ሰው ዕጣው ደርሶት 20 ሳምንት ቢቀረው የ10,000 ብር ባለዕዳ ነው።

ጳጉሜን 2፦ ሰዓት

ሳምንት 168 ሰዓት ናት። ለሀብታምም ለድሃም እኩል የተሰፈረ ብቸኛ ቀለብ ይሄ ይመስለኛል። ያለፈውን ሳምንት ይውሰዱ፤ “የተለመደውን ሳምንት” አይውሰዱ፣ የተለመደ ሳምንት የሚባል ነገር የለምና። ስልክዎ ላይ ስንት ሰዓት እንዳሳለፉ ስልኩ ራሱ ይመሰክራል፦ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ዲጂታል ዌልቢንግ የሚለውን፣ አይፎን ከሆነ ስክሪን ታይም የሚለውን ይክፈቱ።

አንድ ሂሳብ ላሳይዎት። በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ 56፣ ስድስት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት የሚሠራ 48፣ በሰልፍና በመንገድ በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያጠፋ 15። ድምሩ 119፣ ቀሪው 49 ሰዓት። ስልኩ በቀን አራት ሰዓት ካሳየ 28 ሄደ። ለልጅ፣ ለትዳር፣ ለቤተ እምነት፣ ለልብስ ማጠብ፣ ለለቅሶ፣ ለንባብ የተረፈው 21 ሰዓት ነው፤ በቀን ሦስት። “ጊዜ የለኝም” የሚለው ሰው ልክ ነው፤ የት እንደሄደበት ግን ሳይቆጥር አያውቅም።

ጳጉሜን 3፦ ሰው

የሩፋኤል ቀን ናት፣ ዝናብ ከጣለ ሕፃናቱ ይታጠባሉ። ከቻሉ እርስዎም ደጅ ይውጡ፤ ይህ ከቆጠራው ውጭ ነው።

ግምት፦ ምንም ጉዳይ ሳይኖርዎት፣ ለሰላምታ ብቻ፣ በዚህ ወር የደወሉላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ቆጠራ፦ የስልክዎ የጥሪ ዝርዝር። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ “ጉዳይ” ወይም “ሰላምታ” ብለው ይጻፉ። ቀጥሎ በዓመቱ ስንት የእድር ቀብር እንደቀሩ፣ የማን ለቅሶ እንዳልደረሱ፣ የማን መርዶ በፌስቡክ ብቻ እንዳለፈዎት ይጻፉ።

ከዚያ የተኳረፏቸውን። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይባል የለ። ሁሉም ኩርፊያ መታረቅ አለበት እያልኩ አይደለም፤ ከአንዳንድ ሰው መራቅ ጤና ነው። ግን ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይሞክሩ። ምክንያቱ አልጻፍ ካለዎት፣ ጠቡ ሞቶ ኩርፊያው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ለመታረቅ የእንቁጣጣሽ ስልክ ይበቃል፤ ሽማግሌም አያስፈልግ።

ጳጉሜን 4፦ አካልና “አለ” የሚባሉ ነገሮች

አካሉን ቶሎ እንጨርሰው። ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የሚያም ጥርስ፣ የሚደክም ዓይን። ግፊት በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ ይለካሉ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ በሌላ ቀን ደግመው ይለኩና ሐኪም ያማክሩ፤ የቀረው ቆጠራ ይደርሳል።

የምሽቱ ዋና ሥራ ማባዣ ማሽኖችዎን መፈለግ ነው። በስም ያሉ፣ ግን የማይሠሩ ነገሮችን ይዘርዝሩ፦ የተመዘገቡበት ኮርስ፣ ያልታደሰ መንጃ ፈቃድ፣ “በጋራ እንከፍታለን” የተባለ ሱቅ፣ ሦስት ዓመት ስብሰባ ያላደረገ ማኅበር። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ዛሬ እጄ ላይ ባይኖር አዲስ እጀምረው ነበር? መልሱ አይ ከሆነ “ይወገድ” ብለው ይፈርሙ።

ፊርማው ቀልድ አይደለም። የእኛ ማሽን ያን ሁሉ ዓመት የቆየው ዋጋ ስለነበረው አልነበረም፤ ለማስወገድ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ሁሉም ደግሞ “ነገ ቢፈለግስ?” እያለ እጁን ይሰበስባል። እኔም ያቋረጥኩትን ትምህርት “ይወገድ” ብዬ ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር የወረደ ያህል ተሰማኝ።

ጳጉሜን 5፦ አንድ ብቻ መምረጥ

አራቱን ገጾች ዘርግተው ልዩነቶቹን ይመልከቱ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚከፋውን ቁጥር ያሳድዳል፤ እኔ የምመክረው ግምትና ቆጠራ በብዛት የተራራቁበትን ነው። የሚከፋውን ድሮም ያውቁት ነበር፣ አብረውት ኖረዋል። የተራራቀው ግን ሳያዩት ሲያመልጥዎት የነበረ ነው፤ ትንሽ ሲነኩት ብዙ ይመለሳል።

ከመረጡ በኋላ የገቢና የወጪ ደረሰኝ ይቁረጡለት። ንብረት ክፍል ውስጥ ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል የገቢ ደረሰኝ ይገባል፣ ሞዴል 22 በሚባል የወጪ ደረሰኝ ይወጣል፤ ያለ ወረቀት የሚንቀሳቀስ የለም። “በሳምንት ሁለት ቀን አነባለሁ” ብቻውን ባዶ ሞዴል 19 ነው። ሰዓቱ ከየት ይወጣል? እንዲህ ይጻፉት፦ “ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2:00 እስከ 3:00፣ መኝታ ክፍል፤ ወጪ፦ ከፌስቡክ ሁለት ሰዓት፣ ስልኩ ሳሎን ይቀራል።” ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የሚቀነሰው ነገር ከሌለበት አይፈርሙበት።

የሚጀምሩበትን ቀን በተመለከተ ደግሞ፣ የሰዓት ውሳኔ ከሆነ መስከረም 2 ይጀምሩት። የገንዘብ ውሳኔን ግን ወደ ጥቅምት ይግፉት። መስከረም የዶሮና የበግ፣ የዩኒፎርምና የደብተር ወር ነው፤ 17 ላይ ደግሞ መስቀል አለ፣ ጉራጌ ከሆኑ እኔ አልነግርዎትም። በመስከረም ቁጠባ ጀምሮ በመስከረም ያላቋረጠ ሰው አላጋጠመኝም።

ደብተሩን አያርቁት። ኅዳር 30፣ የካቲት 30 እና ግንቦት 30 ላይ የመረጡትን ያንኑ አንድ ተራ ብቻ እንደገና ይቁጠሩ፤ አሁንም ግምቱን አስቀድመው፣ ገጹን አጥፈው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ውሳኔውን ሰርዘው ሌላ ከመፈለግዎ በፊት በግማሽ ይቀንሱት፦ ሁለት ቀን የነበረው አንድ ቀን፣ 1,000 ብር የነበረው 500። በግማሹም ለሦስት ወር ካልተንቀሳቀሰ፣ የጳጉሜን 4ን ገጽ ገልጠው ከማሽኖቹ ጋር ይጻፉት።