ትንሿን ሲኒማ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ኤፍ ኤክስ 3፣ ኤፍ ኤክስ 30፣ ኤፍ ኤክስ 2፣ ሲ50 ወይስ ዜድ አር?

ዘንድሮ ካሜራ ለመግዛት ብር ያጠራቀመ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሶኒ በፈረንጆቹ ግንቦት 2025 ኤፍ ኤክስ 2ን አወጣ። መስከረም ላይ ደግሞ ካኖን ሲ50ን፣ ኒኮን ዜድ አርን በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተዋወቁ። በ2021 የወጣው የሶኒ ኤፍ ኤክስ 3 እና በ2022 የወጣው ኤፍ ኤክስ 30ም ገና እየተፈለጉ ነው። አምስቱም በአንድ እጅ ይያዛሉ፣ አምስቱም 10 ቢት ሎግ (ቀለሙ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከል ደብዘዝ ያለ ምስል) ይቀርጻሉ፣ ዩቲዩብ ላይ በባለሙያ ሲሞከሩ ደግሞ አምስቱም ያምራሉ።

ስለዚህ ከካሜራው አትጀምሩ። ከስራችሁ ጀምሩ። በስራችሁ ውስጥ በጣም የሚከብደው ሰዓት የትኛው ነው? ብርሃን የሌለበት፣ የማይደገም፣ ረዳት የሌላችሁበት ሰዓት ማለቴ ነው። ሰርግ ለሚሰራ ሰው ቤተክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን የሚፈጸመው ተክሊል ሊሆን ይችላል። ክሊፕ ለሚሰራ ሰው ቀትር ላይ ሜዳ መሀል የሚቀረጸው ጭፈራ። ዶክመንተሪ ለሚሰራ ሰው ለሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ የሚሄድ ቃለ ምልልስ። ካሜራውን ለዚያ ሰዓት ግዙ። ቀላሉን ሰዓት ሁሉም ይሰራዋል።

ከጨለማው ልነሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያባክነው ወይም የሚያተርፈው። እነዚህ ካሜራዎች ሁለት መነሻ አይኤስኦ (ለብርሃን ያላቸው ስሜት መለኪያ) አላቸው፤ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር በሁለት ቦታ ላይ ንጹህ ምስል ይሰጣል። በሶኒ ሎግ፣ በኤስ-ሎግ 3፣ የኤፍ ኤክስ 3 ሁለቱ ቦታዎች 800 እና 12800 ናቸው። የኤፍ ኤክስ 2 800 እና 4000፣ የኤፍ ኤክስ 30 800 እና 2500 ናቸው። ሲ50 እና ዜድ አር ሁለቱም 800 እና 6400 ይላሉ። የኤፍ ኤክስ 3 ሁለተኛ ቦታ የሚያስገርም ነው። ፒክስሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ በጧፍና በአንዲት አምፖል የሚሰራ ሰው እስካሁን ከሱ የተሻለ አያገኝም ባይ ነኝ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጨለማ ውስጥ አይኤስኦውን ቀስ በቀስ ወደ 6400፣ ወደ 8000 አታሳድጉት። በቀጥታ 12800 ላይ አድርጉትና በዲያፍራሙ (በሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ወይም በኤንዲ ፊልተር (ብርሃን በሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ብርሃኑን ቀንሱ። 12800 ከ8000 ንጹህ ሆኖ ስታዩት ትደነቃላችሁ።

የኤፍ ኤክስ 30 ሴንሰር ትንሹ፣ የሱፐር 35 መጠን ነው። ጨለማ ላይ ይደክማል፤ ይሄ መደበቅ የለበትም። ኤፍ 1.4 ሌንስ ካደረጋችሁለት ግን ብዙውን የሰርግ አዳራሽ ይችለዋል። ሲወጣ ዋጋው ወደ 1,800 ዶላር ነበር፣ ኤፍ ኤክስ 3 ደግሞ ወደ 3,900። በልዩነቱ ሁለት ጥሩ ሌንስ፣ መብራትና ማይክ ይገዛል። (ዋጋውን ሁሉ በዶላር የምጽፈው የብሩ ሂሳብ ስለማይቆም ነው። እናንተ በምትገዙበት ቀን መንዝሩት።)

አሁን ወደ ፀሐይ። ከአምስቱ አንዱም በውስጡ ኤንዲ ፊልተር የለውም። ይሄ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ሂሳቡን አብረን እንስራው። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 800 ላይ፣ ትክክለኛው የብርሃን መጠን ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/800 እና ዲያፍራም ኤፍ 16 አካባቢ ነው። እናንተ ግን እንቅስቃሴው እንዲያምር ሸተሩን 1/50 ላይ ነው የምታስሩት። እዚህ ጋ አራት ስቶፕ አለፋችሁ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)። ኋላው እንዲደበዝዝ ደግሞ ዲያፍራሙን ኤፍ 2.8 ላይ ከፈታችሁት። ሌላ አምስት ስቶፕ። ድምሩ ዘጠኝ! ሎግ ትንሽ በራ ተደርጎ ስለሚቀረጽ ስምንት ይበቃችኋል እንበል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ተለዋዋጭ ኤንዲ ከ2 እስከ 5 ስቶፕ ነው፤ አይበቃም። ከ6 እስከ 9 ያለውንም ያዙ። ርካሹን አትግዙ፤ ፊት ላይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይጥላል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምስሉ መሀል የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥላ ይሰራል። ያንን በኤዲቲንግ ማንም አያወጣላችሁም።

በዚህ ጉዳይ ሲ50 አንድ ጥሩ መውጫ አለው። ድሮ የገዛችኋቸው የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች እጃችሁ ላይ ካሉ፣ ካኖን ራሱ የሚሰራው ተለዋዋጭ ኤንዲ የሚገባበት አዳፕተር አለ። ፊልተሩ ከሌንሱ ኋላ ስለሚቀመጥ ለየሌንሱ መጠን የተለያየ ኤንዲ መግዛት ቀረ።

ስክሪኑንም በፀሐይ አስቡት። ቀትር ላይ ሜዳ ቆማችሁ ስክሪን ማየት መከራ ነው። ዜድ አር ባለ 4 ኢንች ስክሪን አለው፣ ብርሃኑም እስከ 1,000 ኒት ይደርሳል፤ ከሌሎቹ በግልጽ ይሻላል። ኤፍ ኤክስ 2 ደግሞ ከአምስቱ ዓይን የሚገባበት መመልከቻ ያለው ብቸኛው ነው፣ ወደ ላይም ይታጠፋል። ሌሎቹ ይሄ የላቸውም። ፎቶ በዓይናችሁ አስጠግታችሁ ማንሳት የለመዳችሁ ከሆነ ይሄ አንድ ነገር ብቻውን ሊያስወስናችሁ ይችላል።

ፎቶውም ይነሳ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ቪዲዮ ብቻ ሰርተን አንኖርም። ኤፍ ኤክስ 3 ፎቶው 12 ሜጋፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 36 በ24 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ለአንድ የአልበም ገጽ በቂ ነው። ከመሀሉ ቆርጣችሁ ሚዜዋን ብቻ ላውጣ ካላችሁ ግን አይሆንም፤ ሳሎን ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፍሬምም ያስቸግረዋል። ዜድ አር ወደ 24፣ ኤፍ ኤክስ 30 26፣ ሲ50 32፣ ኤፍ ኤክስ 2 33 ሜጋፒክስል ናቸው፤ በነዚህ ሃሳብ አይግባችሁ። ኤፍ ኤክስ 30፣ ሲ50 እና ዜድ አር ግን ሜካኒካል ሸተር የላቸውም። በፍላሽ ለሚሰራ ፎቶግራፈር አይመቹም፣ ቁርጡን እወቁት።

ኤፍ ኤክስ 2 በፎቶና በመመልከቻው ሲያሸንፍ በቪዲዮ ዋጋ ይከፍላል። 4ኬ በ50 ወይም በ60 ፍሬም ስትቀርጹ ምስሉ ወደ ሱፐር 35 ይቆረጣል፤ 24 ሚሊሜትር ሌንሳችሁ 36 ይሆናል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ዘመድ ተሰብስቦ እስክስታ ሲወርድ ግድግዳው ከኋላችሁ ይይዛችኋል። ሴንሰሩም ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ካሜራውን ቶሎ ስታዞሩ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይዘማል። ኤፍ ኤክስ 3 በዚህ በኩል በጣም ፈጣን ነው፣ 4ኬ 120ም ከትንሽ ቁርጥ በቀር በሙሉ ሴንሰሩ ይሰራል።

አንድ ነገር ካሜራ ሳይለይ ለሁሉም ልናገር። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። አውሮፓም፣ ዱባይም፣ እስራኤልም እንዲሁ። አሜሪካና ሳዑዲ 60 ኸርዝ ናቸው። ካሜራው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ከመጣላችሁ ብዙ ጊዜ በ24 እና በ30 ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ወደ ፓል (የ50 ኸርዝ አገሮች አሰራር) ቀይሩትና በ25 ፍሬም፣ በ1/50 ሸተር ስሩ። ስሎው ሞሽን ስትፈልጉ 50 ወይም 100 ፍሬም። አለበለዚያ የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ እየተርገበገበ ይቀራል። ኋላ ያለው ኤልኢዲ ስክሪን መስመር ከጣለ ሸተሩን በትንሽ በትንሹ የሚያስተካክለውን ምርጫ ሜኑ ውስጥ ፈልጋችሁ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ አንቀሳቅሱት።

ድምፅ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ ከዚያ በፊት ግን የአባት ምርቃት በዝግታ እየተነገረ ነበር። ለምርቃቱ ያስተካከላችሁት ሌቭል በእልልታው ይሰነጠቃል። ዜድ አር እዚህ ጋ ያስደስተኛል፤ 32 ቢት ፍሎት ድምፅ በራሱ ውስጥ ይቀርጻል። የተሰነጠቀ የመሰለው ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ ሲወርድ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ማይኩ ራሱ ወይም የዋየርለሱ ሪሲቨር ቀድሞ ከሰነጠቀው ግን አያድንም። ኤፍ ኤክስ 3 እና ሲ50 ሁለት ኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ መሰኪያ) ያለው እጀታ አብሯቸው ይመጣል። ከዲጄው ሚክሰር ወይም ከቤተክርስቲያኑ ሳውንድ ሲስተም በቀጥታ ለመውሰድ የሚመች እሱ ነው። ለኤፍ ኤክስ 30 እና ለኤፍ ኤክስ 2 እጀታው ለብቻው የሚከፈልበት ነው። ስትገዙ ሻጩን በግልጽ ጠይቁ፣ "ከነእጀታው ነው?" በሉ።

ሜሞሪው ቦርሳችሁን የሚጎዳው በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው አያስበውም። በሶኒዎቹ 4ኬ 25 ፍሬም፣ 10 ቢት በ140 ሜጋቢት ስትቀርጹ በሰዓት 63 ጊጋባይት ይሄዳል። ከጠዋት ቤት እስከ ማታ አዳራሽ ስድስት ሰዓት ብትቀርጹ ወደ 380። ይሄን ጥሩ ቪ60 ኤስዲ ካርድ ይሸከመዋል፣ ሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ መቅረጽም ይቻላል። ሰርግ አይደገምምና ይህንን ምርጫ ሁልጊዜ አብሩት። የዜድ አር ዝና ደግሞ በሬድ ሮው፣ ማለትም ሬድ በተባለው የሲኒማ ካሜራ ኩባንያ ጥሬ የቪዲዮ ፋይል ነው። ኒኮን ሬድን በ2024 ከገዛ በኋላ የሬድን የቀለም አሰራር ሲወጣ ዋጋው ወደ 2,200 ዶላር በነበረ ካሜራ ውስጥ ማስገባቱ እውነትም ትልቅ ነገር ነው፤ ለክሊፕና ለማስታወቂያ ቀለም የሚሰራ ሰው በጣም ይጠቀምበታል። ሰርግን በሙሉ በ6ኬ ሮው እቀርጻለሁ የሚል ግን በሰዓት ከ500 ጊጋባይት በላይ እንደሚሄድበት ይወቅ። ሲኤፍኤክስፕረስ ካርዱ ውድ ነው። ሁለተኛው ማስገቢያ ማይክሮ ኤስዲ ስለሆነ ለሮው ፍጥነቱ አይበቃም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውም ትንሿ ናት፣ በቀላሉ ትላላለች፤ ሞኒተር የምትሰኩ ከሆነ የገመድ መያዣ ግዙላት። ማቀዝቀዣ ፋን የለውም፣ ሌሎቹ አራቱ አላቸው። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ረጅም ቀረጻ ያለው ሰው ይህን ቀድሞ ይሞክር።

ሲ50 ፋይዳው ሌላ ቦታ ነው። የሴንሰሩን ሙሉ ቁመት በ7ኬ ይቀርጻል፤ ከአንድ ቀረጻ ለዩቲዩብ አግድሙን፣ ለቲክቶክ ቁመቱን ትቆርጣላችሁ። ከዚያም በላይ፣ አግድሙን በአንድ ካርድ፣ ቁመታሙን በሌላው ካርድ በአንድ ጊዜ መቅረጽ ይችላል። ደንበኛው "ለቲክቶክ ዛሬ ማታ ላክልኝ" ለሚላችሁ ሰዎች ይሄ የግማሽ ሌሊት ስራ ያስቀራል። ድክመቱ ሴንሰሩን የሚያረጋጋ ነገር አለመኖሩ ነው። ያለ ጂምባል (ካሜራ የሚያረጋጋ መያዣ) በእጅ እየተራመዱ ለሚቀርጹ አልመክረውም። ሶኒዎቹም ዜድ አርም ማረጋጊያ አላቸው።

እና እኔን ብትጠይቁኝ? ብቻውን ሰርግ ለሚሰራ፣ ፎቶውን ሌላ ሰው ለሚይዝለት፣ ኤፍ ኤክስ 3፤ ያገለገለም ቢሆን። ገና ለሚጀምር ኤፍ ኤክስ 30፣ ቀሪውን ብር ለሌንስና ለኤንዲ። ፎቶው ከቪዲዮው እኩል እንጀራው ለሆነ ኤፍ ኤክስ 2። ለክሊፕ ዜድ አር። የኢኤፍ ሌንስ ቁም ሳጥን ሙሉ ያለውና ለሶሻል ሚዲያ በብዛት የሚያመርት ሲ50። ሶኒን ደጋግሜ የማነሳው በሌንሱ ምክንያት ነው፤ የሲግማና የታምሮን ያገለገለ ሌንስ በብዛት የሚገኘው ለሱ ነው፣ ስራ ላይ ቢበላሽም ከጓደኛ ተውሶ መጨረስ ይቀላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለአንድ ቀን ተከራዩት። ቆንጆ ነገር አትቅረጹበት። ማታ ቤት ውስጥ በአንድ አምፖል ፊት ቅረጹ። ቀትር ላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ አቁማችሁ የጥልፉ ዝርዝርና የፊቱ ቀለም አብረው መቆየታቸውን እዩ። ሰው ወደናንተ እየሮጠ ሲመጣ ፎከሱ ይከተል እንደሆነ ሞክሩ። ፋይሉን በራሳችሁ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ከሆነ የካሜራው ዋጋ ላይ የኮምፒውተርም ዋጋ ደምሩ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሌንሱን ከድናችሁ ከፍ ባለ አይኤስኦ ለጥቂት ደቂቃ ቅረጹ፣ ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ ቅረጹና ሁለቱንም አጉልታችሁ እዩ። ከቦታዋ የማትነቃነቅ ባለቀለም ነጥብ ወይም መስመር ካለች የሌዘር ጉዳት ሊሆን ይችላልና ተዉት። የአዳራሽና የኮንሰርት ሌዘር መብራት ሴንሰር ያቃጥላል፣ ሴንሰሩ ላይ የሚቀረው ጠባሳም አይድንም። የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ስትገቡም ዲጄውን ወይም መብራት የሚሰራውን ቀድማችሁ አናግሩት፤ ሌዘሩን ካሜራው ከቆመበት ከፍታ በላይ እንዲያደርገው ጠይቁት፣ እምቢ ካለ ደግሞ ጨረሩ ወደ ሌንሱ በሚዞርበት አቅጣጫ አትቁሙ።