ሃይላንዱን አትጣሉት
የአዳማ ልጆች፣ በዚህ ሙቀት ጠዋት ያጠጣችሁት ቃሪያ ከሰዓት ጠውልጎ ነው አይደል የምታገኙት? ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ ክዳኑን በጋለ መርፌ አንድ ቦታ ብቻ ብሱት፣ ቂጡን በቢላ ቁረጡትና ክዳኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ከተክሉ አጠገብ እስከ ግማሹ ቅበሩት፣ ከዛ ውሃ ሞልታችሁ ብትሄዱ ጠብ ጠብ እያለ ስሩን ያርሰዋል፣ ላይ ላዩን ፈሶ በፀሐይ ተኖ አይቀርም። አፈር ቀዳዳውን እንዳይደፍነው አፉን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሉት። የቆረጣችሁትን ቂጥ ደግሞ መልሳችሁ ክደኑበት፣ ክፍት ውሃ ለወባ ትንኝ ሰርግና ምላሽ ነው። ሩዝ ወይ ምስር ያጠባችሁበት ውሃም ይሆናል፣ ጨው ካልገባበት። የሳሙናውን ግን ለሽንት ቤት ተዉት በናታችሁ። መትከያ ቦታ ለሌላችሁ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን ቆርጦ ስሩን መበሳሳት ነው፣ ለጤና አዳም በደንብ ይበቃል።