ዊልደቢስት ለማየት ስንነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«የዊልደቢስቶቹ ጉዞ የሚጀምረው መቼ ነው?» የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ጥያቄ ራሱ ነው። ጉዞው መጀመሪያም ማብቂያም የለውም። 1.3 ሚሊዮን ገደማ ዊልደቢስት (ቀንዳም፣ ሣር በል የዱር እንስሳ ነው) በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። መጠየቅ ያለበት «አሁን የት ደረሱ?» ነው።

አብዛኛው ጎብኚ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኬንያ ይጎርፋል። መንጋው ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ደቡብ ሴሬንጌቲ፣ ንዱቱ አካባቢ ይወልዳል። አብዛኛው ጥጃ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው የሚወለደው። ጥጃው ገና እርጥብ ነው፤ ይነሳል፣ እግሩ ይከዳዋል፣ እንደገና ይነሳል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከእናቱ ጎን ይሮጣል። ጅቡ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያያል። ለእኔ መንጋው የማራን ወንዝ ሲሻገር ከሚታየው ትርዒት ይህ ይበልጣል።

ሻንጣ ላይም እንሳሳታለን። ሐምሌ ነውና ጃንጥላና የዝናብ ልብስ እንጠቀጥቃለን። የእኛ ክረምት ለእነሱ በጋ ነው። የሚያስፈልገው የአቧራ መከላከያ ሻሽና ለጠዋቱ ብርድ አንድ ሹራብ ነው።

«ድርቅ አባሯቸው ነው» ማለት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። የማራ ወንዝ በበጋም ይፈሳል፣ ሰሜኑ ሣርም አለው። ታዲያ ለምን እዚያው አይቀሩም? ጉዳዩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የደቡቡ ሜዳ የእሳተ ገሞራ አመድ የለበሰ ነው፤ አጭሩ ሣር በካልሲየምና በፎስፈረስ የበለፀገ ነው። የምታጠባ እናት የምትፈልገው ይህንኑ ነው። የሰሜኑ ሣር ረጅም ቢሆንም ይህን ያህል ማዕድን የለውም። ዝናቡ ሲያቆም ግን ደቡቡ የሚጠጣ ውሃ ያጣል። ስለዚህ ሲደርቅ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ ኅዳር አካባቢ ሲዘንብ ይመለሳሉ።

አዞን ዋና ገዳይ ማድረግም አለ። ቪዲዮው ሁሉ አዞ ስለሆነ አይፈረድብንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚለው በዓመት በአማካይ ከ6 ሺህ በላይ ዊልደቢስት ማራ ወንዝ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። አዞዎቹ ከዚያ ሬሳ የሚበሉት ትንሹን ነው። የቀረው ለአሞራና ለዓሣ ነው፤ አጥንቱም ለዓመታት እየሟሟ ወንዙን ይመግባል።

መሪ መፈለግም ከንቱ ነው። መንጋው አለቃ የለውም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ይገፋፋሉ። አንዷ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ውሃውን ታሸታለች፣ ደንግጣ ትመለሳለች። የኋለኞቹም ዞረው ይሮጣሉ። ሰዓታት እንዲህ ይሄዳሉ። ይሄኔ ነው ትልቁ ጥፋት የሚሠራው፦ መኪናው ሁሉ ለፎቶ ሲል ገደሉ አፍ ላይ ተደርድሮ መውረጃቸውን ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ውሃ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ሾፌራችሁ ራቅ ብሎ እንዲቆም ንገሩት። «ጎረቤታችን ተጠግቷል» ቢል እንኳ እሺ አትበሉት።

የመጨረሻው ስህተት መንጋው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ብዙ ነበር ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ያሳነሰው የከብት ደስታ በሽታ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ ገብቶ የአያት ቅድመ አያቶቻችንን በሬዎች የጨረሰው፣ «ክፉ ቀን» ያልነው ረሃብ አንዱ መነሻ የሆነውም እሱ ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን ከብትና ዊልደቢስቱን አገኘ። በአካባቢው ያሉ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱሩም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1977 መንጋው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር።