ሬይድ አለኝ ብላችሁ እንዳትዘናጉ

ለቢሮ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ልታቆሙ ካሰባችሁ፣ ናስም (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የዲስክ ሳጥን) ይሁን ሰርቨር፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 (አንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያው ሌላውም ላይ በሚጻፍበት ዘዴ) አጣምሮ "በቃ፣ አሁን ተገላገልኩ" ማለት የተለመደ ነው። እኔም ብዬ ነበር። ሬይድ ግን የሚያድናችሁ ዲስክ ሲሞት ብቻ ነው። አንድ ሰው የሂሳብ ፎልደሩን በስህተት ካጠፋው ከሁለቱም ዲስክ በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኮለኛ ፕሮግራም) ከገባም ያው ነው፤ ሁለቱም ላይ ይቆልፈዋል።

ስለዚህ 3-2-1 የሚባለውን የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ደንብ ያዙ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ። ውጭ የሚያድረው ኤክስተርናል ዲስክ ከሆነ ኮፒው እንዳለቀ ንቀሉት። ተሰክቶ ካደረ እሱም አብሮ ይቆለፋል። ናሱ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ሰዓት ላይ የነበሩበትን ሁኔታ መዝግቦ የሚይዝ) ካለው አብሩት፤ ጠዋት የተበላሸውን ኤክሴል ወደ ትናንቱ መመለስ የደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ፈቃድ ስትሰጡ ለግለሰብ ሳይሆን ለግሩፕ ስጡ። "ሂሳብ" የሚል ግሩፕ ክፈቱና ፎልደሩን ለእሱ ፍቀዱ። ሠራተኛ ሲለቅ ከግሩፑ ማውጣት ነው፣ አለቀ። "ኤቭሪዋን፣ ፉል ኮንትሮል" የምትለዋን፣ ለሁሉም ሰው ሙሉ ሥልጣን የምትሰጠዋን፣ ግን እባካችሁ አትንኳት። "ለጊዜው" ተብላ ትከፈትና እዚያው ታረጃለች።

ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየውን ባትሪ) በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። አለበለዚያ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ ድርግም ይላል እንጂ በሥርዓት አይዘጋም።

በወር አንዴ ደግሞ አንድ ፋይል ከባክአፑ መልሳችሁ ክፈቱ። በየሌሊቱ "ተሳክቷል" የሚል ኢሜይል ሲልክልኝ የከረመ ባክአፕ፣ ስከፍተው ባዶ ፎልደር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።