ቲዩቡን ከመወንጀላችሁ በፊት

ቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፅን በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላ መሣሪያ) ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወነጀለው ቲዩቡ ነው። ያበራል፣ ይሞቃል፣ በእጅ ይነቀላል። ታች የተደበቀውን ካፓሲተር ማን ያስታውሰዋል?

የሚያንገበግበኝ ስህተት ይሄ ነው። ፓወር ቲዩቡ (ስፒከሩን የሚነዳው ቲዩብ) ውስጥ ያለው ፕሌት የሚባል ብረት ግሎ ይቀላል። ባለቤቱ አዲስ ቲዩብ ይገዛል። አዲሱም ይቀላል። "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይልና ሌላ ይገዛል። አንድ ወዳጄ እንዲህ ኢኤል34 የሚባለውን ፓወር ቲዩብ ሲያቃጥል ከርሞ በመጨረሻ ይዞልኝ መጣ። ግሪዱ (ቲዩቡ ውስጥ ከረንቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ ስለካ፣ ኔጋቲቭ መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ዜሮ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን (አቅጣጫ የማይቀያይረውን ከረንት) ማገድ ያለበት ትንሽ ካፓሲተር ዲሲ እያሾለከ ነበር። ግሪዱ ኔጋቲቭነቱን ሲያጣ ከረንቱን የሚገታው የለም፤ ፕሌቱ ይግላል፣ ቲዩቡ ያልቃል። ያ ካፓሲተር ደግሞ ከቲዩቡ እጅግ ይረክሳል!

ፕሌት ሲቀላ ካያችሁ ወዲያው አጥፉ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሲቀዘቅዝ የሁለቱን ፓወር ቲዩቦች ቦታ አቀያይሩ። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። እዚያው ቦታ ከቀረ ሶኬቱን፣ ባያሱን (የግሪዱን ኔጋቲቭ ቮልቴጅ) እና ካፓሲተሩን ፈትሹ። ሁለቱም አብረው ከቀሉ ግን የባያስ ቮልቴጁ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ መስታወቱ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። አናቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ነጭ ከሆነ ግን አየር ገብቷል፤ ጣሉት።

ሌሎች የማያቸው ስህተቶችም አሉ። የተቃጠለ ፊውዝን በተለቅ ያለ መተካት። ፊውዙ እየነገራችሁ ነው፣ ስሙት። በፎይል ጠቅልሎ የመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ ቀጥሎ የተቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነበር።

"ነቅየዋለሁ" ብሎ እጅ መክተት። ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ 400 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይሄ ይገድላል። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ሽፋን ባለው ሽቦ የተያያዘ 22 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለክታችሁ አረጋግጡ። የበራ አምፕሊፋየር ውስጥ መለካት ካልለመዳችሁ ለባለሙያ ተዉት።

ጉምጉምታ ለማጥፋት የመሰኪያውን የኧርዝ እግር መቁረጥ። በፍጹም!

ስፒከር ሳይያያዝ ሙዚቃ መልቀቅ። የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ኢንሱሌሽን ሊበሳው ይችላል፤ እሱን ማግኘት ከቲዩብ በላይ ያስቸግራል።

እግሩ ገጠመ ብሎ መሰካት። 12ኤኤክስ7 እና 12ኤዩ7 የሚባሉት ትንንሽ ቲዩቦች አንድ ሶኬት ላይ ይገባሉ፤ የማጉላት አቅማቸው ግን አንዱ 100፣ ሌላው 20 አካባቢ ነው። ፓወር ቲዩብ ስትቀይሩም ባያሱ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ እንደገና ለኩ።

ለዓመታት ተዘግቶ የኖረን አምፕሊፋየር በቀጥታ መሰካት። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ ደርቀው ወይም ተዳክመው ይሆናል። ክር ያለው የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል ከመስመሩ ጋር በሲሪስ (በተከታታይ) አስገቡ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ደምቆ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ምልክት ነው። እንደደመቀ ከቀረ ንቀሉት፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ።