ቀጭን ፐርሊን ለምን ይጎብጣል? ጣሪያ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የመጋዘን ወይም የጋራዥ ጣሪያ የሚያሠራ ሰው አሁን አሁን ሞራሌውን ትቶ ከላሜራ የታጠፈ ሲ ፐርሊን (ቆርቆሮው የሚመታበት፣ የC ቅርጽ ያለው አግዳሚ ብረት) ይገዛል። ደግ አደረገ። ቀላል ነው፣ ምስጥ አይነካውም፣ ቶሎ ይገጠማል። ችግሩ ይህ ብረት የሚሸነፍበት መንገድ ነው። ጥንካሬው ሳያልቅ ቅርጹ ቀድሞ ይሄዳል፤ ይጨማደዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ይጎብጣል። መሐንዲሶች ባክሊንግ ይሉታል።

ውፍረቱን ሳይለኩ መግዛት

«የ1.5 ሚሊ ነው» ስለተባሉ ብቻ አይክፈሉ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ከ1.5 ወደ 1.2 ሚሊ መውረድ ሲያዩት የ20 በመቶ ልዩነት ብቻ ነው። የብረቱ ጠፍጣፋ ገጽ መጨማደድ የሚጀምርበት ጭነት ግን ከውፍረቱ ኪዩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ጋር ስለሚሄድ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ደግነቱ ተጨማደደ ማለት ወዲያው ወደቀ ማለት አይደለም። መሀሉ ሲሰንፍ ማዕዘኖቹ ጭነቱን ይቀበላሉ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ዊንተር ይህን በሙከራ አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ የቀጭን ብረት ዲዛይን ደንብም በእሳቸው ሥራ ላይ የቆመ ነው። ይህ ትርፍ አቅም ዲዛይኑ ውስጥ አስቀድሞ ስለገባ፣ ቀጭን ብረት ገዝተው በእሱ ማካካስ አይችሉም።

የታጠፈውን ጠርዝ መቁረጥ

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሲ ፐርሊን ክንፍ (የላይኛውና የታችኛው አግድም ጎኑ) ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈች ትንሽ ጠርዝ አለች። በያጁ ከትራሱ (ጣሪያውን ከሚሸከመው ማዕቀፍ) ጋር አልገጥም ሲለው ግራይንደር አንስቶ ይቆርጣታል። ትንሽ ብትሆንም ክንፉን በሁለት በኩል እንዲያዝ የምታደርገው እሷ ናት። እሷ ስትሄድ ክንፉ በአንድ በኩል ብቻ ይንጠለጠላል። በስሌቱ ውስጥ ክንፉ መጨማደድን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየው የባክሊንግ ቁጥርም ከ4 ወደ 0.43 ይወርዳል፤ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። መቁረጥ የግድ ከሆነ የሚቆረጥበትን ቦታ መሐንዲስ ይምረጥ፣ ማጠናከሪያም ይታሰርበት። መሀል ላይ ግን በፍጹም።

በጭነት ጊዜ መጉዳት

ፐርሊኑ ከኮምቦልቻ ተጭኖ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ሲወጣ በላዩ ሲሚንቶ ይደረደርበታል። ደሴ ሲደርስ ክንፉ ተጣሞ፣ ገጹ ጎድጉዶ ይገኛል። «ጣሪያ ላይ ሲወጣ ይቃናል» ይባላል። አይቃናም። ባክሊንግ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ጉድለት ነው። የተጎዳውን መልሱ።

የጎን ማሰሪያ መተው

በትራሶች መካከል ፐርሊኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ማሰሪያ ብዙ ጊዜ «ወጪ ለመቀነስ» ይቀራል። ሲ ፐርሊን ደግሞ ጭነት በመሀሉ ሲያርፍበት እንኳ ወደ ጎን መጠማዘዝ ይወዳል። በቋሚዎች ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቀጭንና ረጅም ቋሚ በመሀሉ በደንብ ቢታሰር፣ በዚያ አቅጣጫ የሚጎብጥበት ጭነት አራት እጥፍ ያድጋል። ለዚህ ያህል ጥቅም ማሰሪያው ርካሽ ነው።

«ጠንካራ ብረት ነው» ብሎ መዘናጋት

ረጅም ቋሚ ወይም አግዳሚ ሲጎብጥ ወሳኙ የብረቱ ግትርነት (አልታጠፍ ባይነቱ) ነው። እሱ ደግሞ ለተራውም ለጠንካራውም ብረት ያው ነው፤ 200 ጊጋፓስካል ገደማ። ተጨማሪ ገንዘብ ካለዎት ውፍረትና ማሰሪያ ላይ ያውሉት።

ነፋስን መርሳት

በደህና ቀን ጭነቱ ወደ ታች ነው። የሚጨመቀው የላይኛው ክንፍ ነው፤ እሱን በደንብ የተመታው ቆርቆሮ ይይዘዋል። ፊቱ ክፍት የሆነ መጋዘን ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ ሲገባ ግን ጣሪያው ወደ ላይ ይገፋል። ያኔ የሚጨመቀው የታችኛው ክንፍ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማንም አልያዘውም። ማሰሪያው የላይኛውን ብቻ ይዞ እንዳይቀር፣ ሥራው ሳይረከቡ መሰላል ላይ ወጥተው የታችኛውን ክንፍ በዓይንዎ ይዩ።