ዙሪያው የተዘጋ ኪስ በሲኤንሲ ማውጣት

በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ ማሽን) የሚቆፈር፣ አራቱም ጎኑ የተዘጋ ኪስ (ጉድጓድ) መግቢያውም መውጫውም ከላይ ብቻ ነው። ኢንድ ሚል (የሚሽከረከረው መቁረጫ ቱል) ሲሰበር ፍጥነቱን ከመቀነሳችሁ በፊት አገባቡንና የፍቅፋቂውን (ተቆርጦ የሚወጣውን ስብርባሪ) መውጫ መርምሩ።

ለምሳሌ 6061 በሚባለው የአሉሚኒየም ዓይነት ላይ 80 በ50 ሚሊ፣ ጥልቀቱ 25፣ የጥጉ ሬዲየስ 6 የሆነ ኪስ እንውሰድ። ባለ 10 ሚሊ፣ ባለ 3 ጥርስ የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ኢንድ ሚል ይበቃል። የባለ 12 ሚሊው ሬዲየስ ከጥጉ ጋር እኩል ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ቱሉ ከኮሌቱ (ከሚይዘው ማቀፊያ) 30 ሚሊ ብቻ ይውጣ፤ 45 ካወጣችሁት በዚያው ጫና ከ3 እጥፍ በላይ ይታጠፋል፣ ኪሱም ወደ ታች ይጠባል።

ቀጥ ብሎ አይውረድ፤ እየዞረ ይግባ። የመሃሉ መንገድ ዲያሜትር 7 ሚሊ፣ ቁልቁለቱ 2 ዲግሪ ቢሆን በአንድ ዙር 0.77 ሚሊ ገደማ ይወርዳል። መንገዱ ከ10 ሚሊ ከሰፋ መሃል ላይ ያልተቆረጠ እምብርት ይቀራል።

በደቂቃ 6,400 ዙር፣ ፊዱ (ቱሉ እየቆረጠ የሚሄድበት ፍጥነት) በደቂቃ 960 ሚሊ፤ እየዞረ ሲወርድ ግማሹ። ከዚያ በአዳፕቲቭ (የቱሉን ጫና እኩል በሚያደርግ መንገድ) ወደ ጎን 1.5 ሚሊ እየበላ በሙሉ ጥልቀት ይሂድ። ለመጨረሻው ቆረጣ ግድግዳው ላይ 0.3፣ ወለሉ ላይ 0.2 ሚሊ ይተው። አየሩ ያለማቋረጥ ጥርሱ ላይ ይንፋ። ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብቻ ከሆነ ኪሱ ኩሬ ይሆንና ፍቅፋቂው ሥሩ ይቀመጣል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ጥርሱ ላይ መለጠፍ ይወዳል። ወለሉ ከተቧጨረና ድምፁ ከሻከረ ፍቅፋቂ እየተደገመ እየተቆረጠ ነው።

ለፊኒሽ (ለመጨረሻው ቆረጣ) ወለሉ ይቅደም፤ ግድግዳው ሲቆረጥ ቱሉ ከወለሉ 0.05 ሚሊ ከፍ ይበል። በጂ41 (ቱሉን ከመስመሩ በስተግራ በሚያስኬደው ትእዛዝ)፣ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር። ብዙዎች የሚዘነጉት የጥጉን ፊድ ነው፦ የቱሉ መሃል በ1 ሚሊ ሬዲየስ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በ6 ይዞራል፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ፊዱ 6 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ማሽኑ በራሱ ካላስተካከለ ጥጉ ላይ ወደ 160 አውርዱት።

የአዳማ ሙቀት የኩላንቱን ውሃ ስለሚያተን ድብልቁ ይወፍራል። ጠዋት ጠዋት በሪፍራክቶሜትር (የድብልቁን ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለክታችሁ ቀጠን ያለ ድብልቅ ጨምሩበት።

ቱሉ ኪሱ ውስጥ እያለ መብራት ከጠፋ፣ ሲመለስ ቸኩላችሁ ሆም (ማሽኑን ወደ መነሻው የሚመልሰውን ቁልፍ) አትጫኑ። በጆግ (በእጅ በማንቀሳቀስ) ዜድን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን) ብቻ ወደ ላይ አንሱ፤ ወደ ጎን የሚሄዱት ኤክስ ወይም ዋይ ከተንቀሳቀሱ ጥርሱ ይሰበራል። ቱሉ ከወጣ በኋላ ሪፈረንስ (የማሽኑን መነሻ) ወስዳችሁ፣ ፍቅፋቂውን አጽድታችሁ፣ የዜድን ዜሮ ካረጋገጣችሁ በኋላ ፕሮግራሙን ከቆመበት መስመር ሳይሆን ከዚያ ኦፕሬሽን መጀመሪያ አስነሱት። የተቆረጠውን ቦታ አየር ላይ ቢደግመው የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ነው።